የእጅ ክፍሉ ዓሦች

ሐሙስ፣ ጥር 3

ሃያ ሁለቱም አለቁ! በአራት ቀን ሃያ ሁለት ኮምፒውተር... ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒት ቤት፣ ሁሉም ላይ አዲሱ ስርዓት ተጭኗል። ማንም አላዘዘኝም። እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ነው። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል፤ እስከዚያ ክሊኒኩ በሙሉ «ይቺ ልጅ ባትመጣ ምን ይውጠን ነበር» እንዲል እፈልጋለሁ።

«ዩዘር አንድ»፣ «ዩዘር ሁለት» የሚባለውንም ጠራርጌ አጠፋሁት። አሁን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሲከፈት የክፍሉን ስም በራሳችን ፊደል ያሳያል። «መርፌ ክፍል»። «እጅ ክፍል»። እንዴት ያምራል!

ሥራ አስኪያጁ መጥቶ አየ። ንግግሩን ሁሉ «ባጭሩ» እያለ ስለሚጀምር በልቤ አቶ ባጭሩ ነው የምለው። «ባጭሩ፣ ትምህርቱ አልባከነብሽም» አለኝ። ምስጋና ነው አይደል? ምስጋና ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 5

ሲስተር አስጠራችኝ። እጅ ክፍልን ለብቻዋ ይዛ የምትሠራ፣ ሃምሳን ያለፈች፣ ሩጫ እንጂ እርምጃ የማታውቅ ሴት ናት። ስትሮክ መቷቸው እጃቸው የዛለባቸውን ሰዎች ታሠራለች። ክፍሏ ጠባብ ናት... አንድ መስኮት፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር። ከኮምፒውተሩ ጋር በሽቦ የተያያዘ የጎማ እጀታ አለ። እጀታውን ሲጨብጡት ስክሪኑ ላይ መረብ ይዘጋል፣ ዓሣ ይያዛል። ሲለቁት ይከፈታል። ጨዋታው ይኸው ነው፤ በጣም የቆየ ጨዋታ።

«ዓሣው እንቢ አለ» አለችኝ። ሲጫኑት ጥቁር ሳጥን ብቅ ይላል፣ ወዲያው ይጠፋል። ሌላ ምንም።

«አንቺ ከነካካሽው ወዲህ ነው።»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ አሻሻልኩት እንጂ...»

«ተሻሽሎ ነው የማይከፈተው?»

ወንበሩ ላይ አንድ ሰውዬ ቀኝ እጃቸውን እጀታው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ማለቴ ነበሩ። «ተያት እንጂ ሲስተር። ዓሦቼ አድማ መትተው ይሆናል» አሉ። ሳቅሁ። «ጋሼ፣ ማክሰኞ ሲመጡ ይሠራል» አልኳቸው።

ምን አስቸኮለኝ? ቀን ቁረጪ ያለኝ ማን ነው? አፌ!

እሑድ፣ ጥር 6

ሰው በሌለበት ገብቼ ስታገል ዋልኩ። በድሮው ስርዓት ዓይነት ተከፈት አልኩት... ጥቁር ሳጥን። በሙሉ ፈቃድ ከፈትኩት... ጥቁር ሳጥን። የቫይረስ መከላከያውን አጠፋሁ። እጀታውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨር አውጥቼ መለስኩ። ጨዋታውን አራግፌ ከሲዲው እንደ አዲስ ጫንኩ። ለሠሩት ሰዎች ኢሜይል ጻፍኩ፤ እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም ብሎ ተመለሰልኝ። ድርጅቱ ራሱ ከስሞ ይሆናል።

ከመውጣቴ በፊት ጨዋታውን ከነፎልደሩ በፍላሽ ገለበጥኩት። በማዕረግ ተመርቄ በዓሣ ልሸነፍ?

ሰኞ፣ ጥር 7

ዛሬም እንቢ።

ማክሰኞ፣ ጥር 8

ልብስ ሰፊው መጡ። በር ላይ ቆሜ ሲያዩኝ «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ፣ ገና አንድ ቃል ሳልተነፍስ። ሲስተር ስፖንጅ ሰጠቻቸው።

«ስፖንጅ እኮ አይቆጥርም። ጨበጥኩ አልጨበጥኩ ማን ይነግረኛል?»

«እኔ እነግርዎታለሁ» አለች ሲስተር።

«አንቺማ ታባብይኛለሽ። ዓሣ ግን አያባብልም።»

በሁለት ወር ከሦስት ዓሣ ተነስተው አሥራ አራት ደርሰው ነበር። መቀስ ለመያዝ ሃያ ያስፈልጋል ብላቸዋለች። ሱቃቸውን ከዘጉ ዘጠኝ ወር ሆኗል። ዓሣውን ከጀመሩ ወዲህ ሰው «መቼ ነው የሚከፍቱት?» ሲላቸው «ሃያ ስደርስ» ነው መልሳቸው፤ ሰው ግራ ይገባዋል፣ እሳቸው ይስቃሉ። ዛሬ አልሳቁም።

ስወጣ ሲስተር ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ሥራ አስኪያጁ ለአልትራሳውንድ የሚሆን ክፍል ሲፈልግ ዓመት ሞላው፤ ዓይኑም የሷ ክፍል ላይ ነው። «ያጣው ሰበብ ብቻ ነው። አደራሽን ሰበብ እንዳትሆኚለት» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጥር 10

አቶ ባጭሩ ጠራኝ።

«ባጭሩ፣ የእጅ ክፍሉ ነገር ይሠራል አይሠራም?»

«እየሞከርኩ ነው፣ ትንሽ ቀን ቢሰጡኝ...»

«ሙከራ ሪፖርት ላይ አይጻፍም። ረቡዕ ቦርድ አለ። በጽሑፍ አምጪልኝ።»

«እስካሁን አልቻልኩም» ብዬ ጀመርኩ። ቀደድኩት። እንደገና ጀመርኩ፣ ቀደድኩ። ምኑ ነው ይቺን አንዲት ቃል እንዲህ የሚያከብዳት? በመጨረሻ የወጣው ይኸ ነው፦ «ሶፍትዌሩ ጊዜው ያለፈበት በመሆኑ ከአዲሱ ስርዓት ጋር ሊሠራ እንደማይችል ተረጋግጧል።»

ተረጋግጧል! ማን አረጋገጠው?

ፈረምኩ። ማኅተም ተመታበት። ውሸት አይደለም... መሰለኝ። እውነትም አርጅቷል እኮ።

እሑድ፣ ጥር 13

ቤት። እንዲያው እልህ ይዞኝ ጨዋታውን የራሴ ላፕቶፕ ላይ አደረግሁት። እሱም ላይ ያለው ያው አዲሱ ስርዓት ነው።

ተከፈተ።

ሰማያዊ ባሕር፣ ዓሣ፣ ጡሩምባ የሚመስል ሙዚቃ። እናቴ ከጓዳ «ኧረ ምንድነው የምትነፊው?» አለችኝ። ስርዓቱ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ ምንድነው?

ጨዋታው ሲወድቅ ለምን እንደወደቀ የሚጽፍበት ትንሽ መዝገብ አለው። ሳምንት ሙሉ ፍላሼ ውስጥ ነበር። አልከፈትኩትም። አርጅቷል ብዬ ፈርጄበት ምን ልሰማው? ዛሬ ከፈትኩት። አንድ መስመር ነው። የታካሚዎቹን ውጤት የማስቀምጥበትን ፎልደር አጣሁት ይላል፤ የፎልደሩ አድራሻ መሃል ላይ ደግሞ ሁለት የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ቦታ፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት።

እጅ። ክፍል። ለኮምፒውተሩ ያወጣሁለት ስም የፎልደሩ አድራሻ ውስጥ ገብቷል።

የእኛን ፊደል ማንበብ አይችልም። ስሙን ሲያገኝ በጥያቄ ምልክት ተካው፣ መንገዱ ጠፋበት፣ ወደቀ። የኔ ላፕቶፕ ላይ ስሜ በላቲን ፊደል ስለሆነ ምንም አልሆነም።

ስርዓቱ አይደለም። እርጅና አይደለም። እኔ ነኝ... ያ «እንዴት ያምራል» ያልኩት ነው።

ሰኞ፣ ጥር 14

በጠዋት እጅ ክፍል ገባሁ። ሰኞ ታካሚ የለም፣ ሲስተርም አትገባም። በላቲን ፊደል አዲስ አካውንት ከፈትኩ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። እጀታውን ጨበጥኩ። መረቡ ተዘጋ። አንድ ዓሣ!

በሩጫ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ። የምለውን ደረጃ ላይ ስለማመደው ነበር፦ ተሳስቻለሁ፣ ሪፖርቱን ልቀይር፣ ተሳስቻለሁ፣ ሪፖርቱን ልቀይር። በሩን ገፋ ከማድረጌ፦

«ግቢ፣ ግቢ! ያ ሪፖርትሽ... እንደዚያ ነው የምወደው፣ ቁርጥ ያለ። ባጭሩ፣ ረቡዕ ያንቺንም ቋሚ ቅጥር አብሬ ይዤው ነው የምገባው። ምን ፈልገሽ ነበር?»

«ምንም። እንደምን አደሩ ልልዎት ነው።»

እንደምን አደሩ!

ተመልሼ አካውንቱን አጠፋሁት። ሰው እንዳያይ። ይኸው ጻፍኩት፤ ለሌላ ለማንም የማልለውን።

ማክሰኞ፣ ጥር 15

ልብስ ሰፊው በስፖንጅ እየሠሩ ነው። ሲስተር «ተስፋ አለው?» አለችኝ። «እየሞከርኩ ነው።» እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «ተባረኪ» አለችኝ።

በጥፊ ብታጮለኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ተወሰነ። እጅ ክፍል ከሰኞ ጀምሮ ይዘጋል። የኔም ቅጥር ጸደቀ።

ዓርብ፣ ጥር 18

ሲስተር ዕቃዋን በካርቶን ስትሸክፍ ገባሁ። በሩን ዘጋሁና ነገርኳት። ስሙን፣ ላፕቶፑን፣ አካውንቱን፣ ማጥፋቴን... ሁሉንም። ሥራዋን አላቆመችም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እሑድ።»

«ቦርዱ ረቡዕ ነበር።»

«አዎ።»

«ማክሰኞ ተባረኪ ብዬሻለሁ።»

«አዎ ሲስተር።»

ልትጮህብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። የእጀታውን ሽቦ ቀስ ብላ ጠቀለለችው። «ባለማወቅሽ አልቀየምሽም። ልጅ ነሽ፣ ሁሉ ይሳሳታል። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ያለውን ግን... እሱን እኔ ላይ አትጣይው። አንቺው ያዢው።»

«አሁን ለሥራ አስኪያጁ ብነግረውስ?»

«ግድግዳውን ትናንት ለክተውታል።»

ስለ ልብስ ሰፊው ጠየቅኋት። ከከተማው ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ጽፋላቸዋለች። ሁለት አውቶቡስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወንበር አይገኝም። «በየትኛው እጃቸው ብረቱን ይዘው እንደሚቆሙ እንጃ» አለች። ከዚያ በኋላ እንደሌለሁ ቆጠረችኝ። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 2

ደብዳቤው ደረሰ። ቋሚ ሠራተኛ። እናቴ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ፣ ከዚያ ለአክስቴ ደውላ በስልክ ሦስተኛ አስነበበችኝ።

«ምነው ፊትሽ? ሰው እኮ ደስ ይለዋል!»

«ደስ ብሎኛል እማዬ።»

ውሸት እየቀለለኝ መጥቷል።

ዓርብ፣ የካቲት 9

ከሥራ ስመለስ በልብስ ሰፊው ሱቅ በኩል ዞርኩ። በሩ ላይ «ይከራያል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጎረቤት ያለውን ጫማ ሠሪ ጠየቅሁት። «አንድ ጊዜ ሆስፒታሉ ሄደው አውቶቡስ ውስጥ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ይቅርብኝ ብለዋል» አለኝ። «ምናቸው ነሽ?»

ምናቸው ነኝ?

ቢሮ ተመለስኩ። ሳልቀድ፣ በአንድ ቁጭታ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ሪፖርት ስህተት መሆኑን። ጨዋታውን ያበላሸሁት እኔ መሆኔን። ጥር 13 ማወቄን፣ ጥር 14 መደበቄን። ክፍሉ ይመለስ የሚል ጥያቄም ጨመርኩ። ፈርሜ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ያባርሩኝ። የመባረሬን ነገር ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ሳስብ ነው ቤት የደረስኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 12

የጠራኝ የለም።

ዓርብ፣ የካቲት 16

ወረቀቱ ተመለሰልኝ። ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ «ታይቷል። ፋይል ይደረግ።»

ይዤው ገባሁ። «አይጠይቁኝም?» አልኩት።

«ምን ልጠይቅሽ? አልትራሳውንዱ ተተክሏል፣ ሥራ ጀምሯል። ባጭሩ፣ ያለፈ ነገር አትቆፍሪ። ወጣት ነሽ።» ፈገግ አለልኝ እንኳ። ምንም አልተቆጣም። ምንም...

የክሊኒኩን ፋይሎች የምይዘው እኔ ነኝ። ስካን አደረግሁት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ በቦታው አስገባሁት።