ጋሽ ቀስ በቀስ፦ የልብስ ሰፊውና የቼዝ ሊቁ ሕይወት

ሁላችንም «ጋሽ ቀስ በቀስ» እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታችን ሲያጫውቱን፣ ከተጠበቁበት ቀን ሁለት ሳምንት ዘግይተው ነው የመጡት። እኔ ታናሽ እህታቸው ግን በጊዜዬ ደርሻለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል። ቼዝ ያስለመዷቸው እዚያው የሒሳብ መምህራቸው ናቸው። በ1965 ዓ.ም. የእናታችንን የስፌት መኪና ተረክበው ከገበያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። ስፌታቸው እንከን አይወጣለትም፤ ቀጠሯቸው ግን ጉድ ነበር። አንድ ሙሽራ በሠርጉ ጠዋት እጅጌ የሌለው ኮት ቀርቦለት ሊያለቅስ ሲል «ልጄ፣ ደረቱ እንዴት እንደተቀመጠ አታይም?» ብለውታል። እጅጌዎቹ ሙሽራው እየተላጨ ተሰፍተው ደረሱ።

በ1972 ዓ.ም. ከመምህርት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ከዚያ በፊት የእኚሁ መምህርት አንድ ቀሚስ ሲያጠብቡና ሲያሰፉ ሁለት ዓመት አልፏል። መምህርቷ ራሳቸው «ቀሚሱስ ልኬ ነው፤ አንተስ?» ብለው ባይጠይቁ ኖሮ፣ ወንድማችን እስከ ዛሬ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በቀሩ ነበር። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል።

በ1975 ዓ.ም. በቼዝ የማስተርነት ማዕረግ አገኙ። የቼዝ ወታደሮች መሀል ሰሌዳው ላይ ፊት ለፊት ገጥመው መንገዱ ሲዘጋ ሌላው ሰው ይጨንቀዋል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን አጣምረው ፈገግ ይላሉ። «መሀሉ ከተዘጋ ማን ያባርረናል?» ይሉ ነበር። ፈረሳቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ በጓሮ አዙረው የተሻለ ቦታ ያስይዙታል። ንጉሣቸውን ጦርነቱ ከሚከፈትበት ዳር ያርቃሉ፤ ግንቦቻቸውን ከዳር ወታደሮች ጀርባ ያሰልፋሉ። ተመልካቹ ያንቀላፋል። በመጨረሻ የዳሩን ወታደር ሲገፉ ክለቡ በሙሉ «እንቁላሉ መሄድ ጀመረ!» ብሎ ይነቃል።

ይህ ስልት ያልበገራቸው አንድ ሰው ቢኖሩ እንደሳቸው ማስተር የሆኑት ወዳጃቸው ፋርማሲስቱ ናቸው። አርባ ዓመት ያህል ሲጫወቱ ወይ አቻ ይወጣሉ፣ ወይ ወንድማችን ይሸነፋሉ። አንዴ እንኳ ፋርማሲስቱን ማሸነፍ የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት የልብ ሕመም አልጋ ላይ ሲያውላቸው ፋርማሲስቱ በየእሑዱ ሰሌዳውን ይዘው ይመጡ ጀመር። ወንድማችን ገና በመጀመሪያው ቀን «በሽተኛ ነው ብለህ ብትሸነፍልኝ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለው አስጠነቀቋቸው።

ያለፈው እሑድ መሀሉ ተዘጋ። ወንድማችን ሁሉን አሰናድተው፣ ጥግ የቀረ አንድ ፈረስ ለጥበቃ ማምጣት ብቻ ነበር የቀራቸው። ትንፋሻቸው እያጠረ ነበርና ያንን አልጠበቁም። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ቸኮሉ፤ የዳሩን ወታደር ገፉት። በጎኑም ለባላጋራ ፈረስ መግቢያ ተከፈተ። ፋርማሲስቱ ወዲያው አዩት። እጃቸውን ከፈረሱ በላይ አንጠልጥለው ብዙ ቆዩ፤ እኔም በር ላይ ቆሜ እንዲተዉት በዓይኔ ለመንኳቸው። አልተዉትም። ፈረሱን አስገቡት፤ ከጥቂት በኋላ ጨዋታው አለቀ። ወንድማችን ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁና «ተባረክ፤ እንደ ሰው ቆጠርከኝ» አሏቸው። ፋርማሲስቱ ኮሪደር ወጥተው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ወንድማችን ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከአምስት የልጅ ልጆቻቸውና ከእኔ ተለይተዋል። ፋርማሲስቱም ከቤተሰቡ ጋር እንዲቆጠሩ ጠይቀው ነበር፤ የወንድማችን ባለቤት «መቼ ሳይቆጠሩ ቀርተው?» ብለዋል።

ፈጣሪ ለነፍሳቸው መቻኮል የሌለበት ዕረፍት ይስጥልን። እኛንም እስከ መጨረሻው የማያዝንልን ወዳጅ አይንሳን። አሜን።