ሰፊውን ከጠባቡ

መካኒሳ አቦ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለወጋየሁ፣

ጆሃንስበርግ ያለው ሱቅህም ጤናህም በጌታ ጥላ ስር ይሁን። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤ የጻፍኩልህ በስልክ አንተ ስትቆጣ እኔ ዝም ስለምል ነው። ለእረፍት የመጣው ኢያቄም ወደዚያ ሲመለስ ይሰጥሃል፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሐኪሙ የልጃችን የያኤል ሆድ መነፋት የጀመረው መቼ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ደብተሬን ሰጠሁት። የዕለት ማስታወሻዬን ታውቀዋለህ፤ «ጥቁር ዚፕ አለቀ» ከሚለው ስር «ያኤል ሰገራ ዛሬም አልወጣላትም፣ ስድስተኛ ቀን» ይላል። ገጾቹን እያገላበጠ አነበበ። ከምርመራው በኋላ በወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። የአንጀቷ የታችኛው ክፍል ከተወለደች ጀምሮ ነርቭ ስለሌለው ተኮማትሮ ቀርቷል፤ አያሳልፍም። ከላይ ያለው ደግሞ በዚያ ምክንያት ተለጥጧል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአንድ ቀዶ ጥገና፣ ሆዷ ሳይከፈት፣ በመቀመጫዋ በኩል የታመመውን ቆርጦ ጤነኛውን ስቦ መስፋት ነው። ሁለተኛው መጀመሪያ ጤነኛውን አንጀት በሆዷ ላይ አውጥቶ፣ ሰገራዋን በከረጢት እየተቀበሉ አንጀቷን ለወራት ማሳረፍ፣ ከዚያ መስፋት። አንተ «አንዴ ይገላግሏት፣ ልጄ ከረጢት አትሸከምም» ብለሃል። ስለዚህ ሐኪሙን ጨርቅ እንደሚመርጥ ደንበኛ አደረቅኩት።

«ዶክተር፣ በአንዱ ካለቀ ሁለቴ ለምን?»

«በጨቅላነቷ ብትመጣ እኔም አንዱን እመርጥ ነበር። አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንጀቷ በጣም ሰፍቷል። ስፌቱ ሊያፈስ ይችላል።»

«ሰፊውን ከጠባቡ ሊሰፉ ነዋ! ይሸበሸብብዎታል።»

ሳቀ። «ልብስ ሰፊ ነሽ እንዴ?»

«ለልብስ ሰፊዎች ክርና ዚፕ ሻጭ ነኝ።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሆስፒታሉ ውስጥ ከአልጋዋ አጠገብ ሸለብ አደረገኝ። ያኤል እንደ ፊኛ ቀልላ በመስኮቱ ወጣች። ከሀና ማርያም ሰፈር ጣሪያዎች በላይ ትንሳፈፋለች፤ የሱቃችን ነጭ ክር አንዱ ጫፍ እግሯ ላይ፣ ሌላው ጣቴ ላይ ነው። ሰማዩ ሞቃትና ጸጥ ያለ ነበር፤ አልፈራሁም። ቀስ ብዬ ወደኔ ስስባት ግን የሆነ ቦታ ስፌት ሲተረተር ሰማሁ። ደብተሬ ላይ ህልም ጽፌ አላውቅም። ያን ቀን ጻፍኩ።

ስነቃ አጠገባችን ካለው አልጋ ልጇን የምታስታምመው ሙፊዳ እያየችኝ ነው። ልጇ ሬድዋን ከረጢት ከተደረገለት አራት ወሩ ነው፣ ሁለተኛውን ይጠብቃል።

«አትፍሪው እህቴ» አለችኝ። «የመጀመሪያ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ነው የቀየርኩለት። አሁን ያስቸገረኝ ሆዱ አይደለም፣ አፉ ነው። አይጠግብም!»

ፈረምኩ፣ ወጋየሁ። ሁለተኛውን መንገድ። ጥር 27 የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ተሠራላት። በማግስቱ ደውለህ «ወሰንሽ?» ስትለኝ «እያሰብኩ ነው» ያልኩህ አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ነው። ለደንበኛ እንጂ ላንተ ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከረጢቱ በአየር ተነፋ፤ አንጀቷ መሥራት ጀመረ ማለት ነው። ሙፊዳ እልል አለች፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተላት። ለፈስ እልል ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? እኔም እልል አልኩ፣ ከዚያ ኮሪደር ወጥቼ ትንሽ ቆየሁ።

አሁን ቤት ነን። ሆዷ ሟሸሸ፤ ቀሚሷ ሰፋት። ሆዷ ላይ የወጣችው አንጀት ቀይና እርጥብ ናት፣ ያልፈካች ጽጌረዳ ትመስላለች። ያኤል «አበባዬ» ትላታለች። ትተኸው ከሄድከው ሰማያዊ ሸሚዝህ ለከረጢቱ ሽፋን ሰፋሁለት። ሁለተኛው ሰኔ ላይ ነው፤ የዚያን ፊርማ ቦታ ላንተ ትቼዋለሁ።

ጌታ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅ፣ የእጅህን ሥራ ይባርክ፣ በሰላም ያገናኘን።

አንብበህ ስትጨርስ ደውል። ለመጣው ሰው ሁሉ ቀሚሷን ገልጣ አበባዋን ታሳያለች፤ ላንተም ታሳይሃለች። ስታሳይ ግን የሰውየውን ፊት ነው የምታየው። እባክህ ካሜራውን ከመክፈትህ በፊት ፊትህን አስተካክል።

ያንተው ዶርቃ