የሁለተኛው ምርጫ አንድ ድምፅ

ውድ ወዳጄ ሜትሩ፣

እንዴት ሰነበትክ? ልብስ መስፋት ካቆምክ ወዲህም ሜትሩን ካንገትህ አላወረድክም አሉ፤ ስምህን ጠብቅ! እኔ ጡረታው ተስማምቶኝ ወፍሬያለሁ።

የምርጫ ክልላችን ተሰርዞ ለሁለቱ ጎረቤቶቹ መከፈሉን ሰምተሃል። ቤተ መጻሕፍቱ «መምህርም ተመራጭም ነበርክ፤ ታሪኩን አንተው ጻፍልን» ብሎኝ ወር ሙሉ ስጽፍ ከረምኩ።

ክልላችን ያካሄደው ምርጫ አራት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሐኪሙ ያለ ተወዳዳሪ ገባ። በሦስተኛው አንተ ቀስቅሰህልኝ በሰፊው አሸነፍኩ። በአራተኛው አዋላጇ ዘረረችኝ፤ እሰይ፣ ድልድዩን ያሠራችው እሷ ናት። እኔና አንተ የተወዳደርንበት ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን እጄ ተያዘ።

ያን ቀን አብረን ወደ ምርጫ ጣቢያው ስንሄድ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? «ሰው እንዴት ለራሱ ድምፅ ይሰጣል? ነውር እኮ ነው! እኔ ላንተ፣ አንተ ለእኔ።»

«አንተ ትሙት!» ብዬ ማልኩልህ።

ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዬን ስቆም ወረቀቱ ላይ የገዛ ስሜን አየሁት። ሆዴ ባባ፤ ለራሴ ምልክት አደረግሁ። ውጤቱ ሲነገር እኔ 4117፣ አንተ 4116። ቃሌን ብጠብቅ ኖሮ ቁጥሩ ተገልብጦ ምክር ቤት የምትገባው አንተ ነበርክ። አንተ ግን አቅፈኸኝ፣ «የኔዋ ድምፅ ናት ያስገባችህ!» ብለህ ሳቅክ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ኧረ እንዴት አፈርኩ!

ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ሃያ ዓመት ያለፈውን ምን ቆሰቆሰህ? አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ። አርፎ መቀመጡ ሰለቸኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ሁለተኛውን ምርጫ ማሸነፍ የነበረበት ልብስ ሰፊው ነው፤ መምህሩ ምክር ቤት የገባው ቃሉን አጥፎ ነው።» ፈርቼ እንዳልሰርዘው ብዬ ዛሬ ጠዋት ማተሚያ ቤት አስገባሁት። ከዚያ ስወጣ እያፏጨሁ ነበር፤ ምሳዬንም ጥርግ አድርጌ በላሁ። እንዲህ ቀለል ካለኝ ስንት ጊዜዬ!

በሚቀጥለው ሳምንት ከተማው ሁሉ ያነበዋል። አንተ ግን ከሰው ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማው ፈለግሁ። ብትቆጣ እውነትህን ነው፤ ብቻ ቤቴ መጥተህ ተቆጣኝ። ካልመጣህም እኔው መጥቼ ደጅህ ላይ ቆሜ እሰደባለሁ።

ያላሸነፈህ ወዳጅህ፣
መምህሩ