ከኋላ ወንበር ለምትቀሪው

እትዬ ዶሊና፣

ቀድሜሽ ወጥቻለሁ። ምድጃው ላይ እሳቱን አዳፍኜዋለሁ። ሾርባው የትናንት ነው፤ በሰንበት ምግብ ስለማይሠራ ማሞቅ ብቻ ነው።

ጥቁር ኮትሽን ለብሼዋለሁ። ከኋላ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው የኔ አሮጌ ኮት መች አነሰው።

ትናንት ሳልነግርሽ፣ ለመቁረብ ፈቃድ ልጠይቅ ሦስቱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ ነበር። ተቀብለውኛል፤ ዛሬ እቆርባለሁ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከማይቆርቡት ጋር ከኋላ ወንበር ምን አስቀመጠሽ?» አሉኝ።
«ፍርሃት» አልኩ።
«እግዚአብሔርን ፈርተሽ?»
«አይ፣ እህቴን።»
ሦስቱም ሳቁ። እስካሁን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ገና አልበቃሽም» ባልሽኝ ቁጥር የእግዚአብሔር ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት ተንበርክኬ ስጸልይ ግን እሱ ያለኝ «ነይ» ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ያንቺ ድምፅ ነበር።

አንቺም የቁርባኑን ማዕድ እንደፈራሽ እንዳረጀሽ አውቃለሁ። ለቅሶሽ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ጠዋት አብረን እንሂድ ልልሽ በርሽ ድረስ መጥቼ፣ እጄን ለማንኳኳት አንስቼ ነበር።

መለስኩት። ገና አልበቃሽም።

ኢሽቤል