ቁጥር የተጻፈባቸው ወይራዎች

ልጄ ዙልፋ፣ በአንቺ ጥናት ሰበብ አባትሽ ሰላይ ተብሎ ሁለት ቀን ታስሯል። አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ እናትሽ ደህና ናት።

የወይራ እርሻችን አፈሩንና ውሃውን ይጎዳ እንደሆነ እንዲያይልሽ የላክሽው ሰውዬ በየግንዱ በነጭ ቀለም ቁጥር ጽፎ ሄደ። ጦርነቱ ወደ መርሳ ሲቃረብ ጎረቤታችን ኡበይደላ የሰፈሩን ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ።

«ጋሽ ኑርሁሴን፣ ይህን ምልክት ለማን መድፍ ነው ያደረጉት?»

«ልጄ ናት ያስቆጠረችው» ስለው፣ «ባሕር ማዶ ሆና ግንድ ትቆጥራለች?» ብሎ ሳቀብኝና ለጠባቂዎቹ አሳልፎ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲለኝ ፊቱን ሳይሆን ለጠባቂዎቹ የጠቆመኝን እጁን ነው የማየው።

ስፈታ ቁጥሩን በመጥረቢያ ፋቅሁት፤ ልጣጩ አብሮ ተነሳና አራት ወይራ ደረቀ። ወይራው አፈሩን እንደያዘ ነው፣ ምንጩም አልጎደለም፤ የደረቁት ግን ከቆጠራው ወዲህ መሆኑን በጥናትሽ ላይ ጻፊው። የውጭውን የዘይት ወይራ ከእኛው አዳቅለን መድኃኒት እንርጭ ያልሽውንም አልተቀበልኩም። መድኃኒቱ ንቦቼን እንደማይፈጅ ማን ነግሮሽ ነው?

ሌላ ሰው አትላኪብኝ። መንገዱ ሲከፈት ራስሽ መጥተሽ እዪው፤ አላህ በሰላም ያገናኘን። ስለ እስሩ ግን እንዳትጠይቂኝ፤ ወላሂ ዳግመኛ አላነሳውም።

አባትሽ ኑርሁሴን