ምላጭን እየፈሩ የኖሩት አቶ ይታገሱ ዱባለ

አቶ ይታገሱ ዱባለ ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ሀብቴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅውሃ መርጊያ በ1946 ዓ.ም. በአገና አካባቢ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ከተማሩ በኋላ በ1961 ዓ.ም. ቡታጅራ መጥተው ከአንድ አዛውንት ፀጉር አስተካካይ ዘንድ ሥራ ለመዱ። መጀመሪያ የላጩት ሰው ጉሮሮ ላይ ደም ጠብ አለ። ጭረቷ ትንሽ ነበረች፤ ድንጋጤዋ ግን ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቀቻቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሳያማትቡ፣ ምላጩን በሚሳልበት የቆዳ ቀበቶ ላይ ሳያመላልሱ፣ ቆዳውን በግራ አውራ ጣታቸው ወጠር ሳያደርጉ የማንንም አንገት አልነኩም። ወንበራቸው ላይ ማውራት ክልክል ነበር። ምላጭ አንገት ላይ ሳለ ስማቸውን የጠራ ሰው ይባረራል፤ ይህን የምጽፈው እኔ የወንድማቸው ልጅ ብሩክም ተባርሬ አውቃለሁ። ሆኖም በከተማው የሐዘን ጺሙን ያሳደገ ሁሉ የሚላጨው እሳቸው ዘንድ ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካለም በቀለ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ናዝሬትን፣ ሕይወትንና አብርሽን ወለዱ። ቤተሰባቸውን "ምላጭ ይዤ ልቤ ካልደነገጠ፣ ያን ቀን ቀሙኝ" ይሉ ነበር። እኛ ቀልድ መስሎን ሳቅን።

በ2015 ዓ.ም. የመርሳት ሕመም ጀመራቸው። መንገድ ረሱ፣ የልጆቻቸውን ስም ረሱ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ፍርሃታቸውን መርሳታቸው ነበር። አንድ ጠዋት ሳናውቅ ሄደው ፀጉር ቤታቸውን ከፈቱ። ናዝሬት ስትደርስ የዱሮ ደንበኛቸው ጋሽ አብዱልሃፊዝ አረፋ ተቀብተው አንጋጠዋል፤ አጎቴ ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ አድርገው ያንጎራጉራሉ። እየላጩ አንጎራጉረው አያውቁም! ናዝሬት እንዳትጮህ፣ እጃቸው ይደነግጣል። ዝም እንዳትል፣ ሰው ሊታረድ ነው።

ጋሽ አብዱልሃፊዝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ቀስ ብለው፣ "ወላሂ፣ ምላጭህ ዶልዱሟል" አሏቸው። አጎቴ ይህን የሚያህል ስድብ ሰምተው አያውቁም። ተቆጥተው እጃቸውን አነሡና ሊስሉት ወደ ቀበቶው ዞሩ፤ ናዝሬትም ምላጩን እዚያው ተቀበለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ቤት ዋሉ። ጺማቸውን ማንም እንዲነካው እምቢ አሉ። ባለፈው ዓመት ለፋሲካ ናዝሬት በገዛ ምላጫቸው ልትላጫቸው ቀረበች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስሟን አያውቁትም። የእጇን አንጓ ይዘው "ይቺ ልጅ ትፈራለች፤ እሷ ትላጨኝ" ብለው አንገታቸውን ቀና አደረጉላት።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም ጋሽ አብዱልሃፊዝና እኔ እያለቀስን ሸኝተናቸዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእንግዲህ ምንም በማያስፈራቸው ስፍራ ያኑርልን።