አቶ ፔንግ ዩንግሊ ያልፈረሙት ወረቀት

አቶ ፔንግ ዩንግሊ ከአባታቸው ከአቶ ፔንግ አሹንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሊዩ ዠንመይ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1951 በሺንፑ ተወለዱ። ይህ የመዝገቡ ቃል ነው። እናታቸው ግን በሕይወት ሳሉ «ነፋሱ የጀመረ ዕለት ነው የወለድኩት» ከማለት በቀር ሌላ ቀን ጠርተው አያውቁም፤ የሺንፑ ነፋስ ደግሞ በሐምሌ አይጀምርም። ዕድሜያቸውም በመዝገቡ ሰባ ሁለት፣ ከልደት ዕለት አንድ ብሎ በሚጀምረው በአገር ቤት አቆጣጠር ሰባ ሦስት፣ ለሟች ዓመት በሚጨምረው በቀብር አስፈጻሚው ስሌት ሰባ አምስት ነው። ይህን ታሪክ እንድትጽፍ የታዘዘችው ልጃቸው ዪቼን ሦስቱንም ጽፋ ሦስቱንም ሰርዛ፣ በመጨረሻ በመዝገቡ ጸንታለች።

ወላጆቻቸው ካኪ የተባለውን ብርቱካንማ ጣፋጭ ፍሬ በሰፌድ ላይ አድርቀው የሚሸጡ ነበሩ። አባታቸው ፍሬን የሚያደርቀው ነፋስ እንጂ ፀሐይ እንዳልሆነ፣ መተንፈሻ ያጣ ፍሬ እንደሚሻግት ዘወትር ይናገሩ ነበር። አቶ ፔንግ ይህን ቃል እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ ራሳቸው ግኝት ሲያወሩት ኖረዋል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሺንፑ፣ የኤሌክትሪክ ሙያ ትምህርታቸውን በሺንጁ አጠናቀው፣ ሁለት ዓመት በውትድርና አገልግለው፣ በ1974 በአንድ የቴሌቪዥን ፋብሪካ በፈታሽነት ተቀጠሩ። በ1980 ከወይዘሮ ፋን ጂንዪ ጋር ትዳር መሥርተው ወንድ ልጃቸውን ጓንዩንና ሴት ልጃቸውን ዪቼንን አፍርተዋል። በሠርጋቸው ሳምንት የአማታቸውን የሩዝ ማብሰያ ገልብጠው ከሥሩ የፈቃድ ቁጥር ፈልገው ስላጡ፣ ማብሰያው ከነሩዙ ወደ ጓሮ መውጣቱ አይዘነጋም። አማታቸው ለሁለት ዓመት አላነጋገሯቸውም።

በ1996 የኢንተርኔት ራውተር ወደሚያመርት ድርጅት ተዛወሩ። እዚያ ምን ይሠሩ እንደነበር ቤተሰቡ በቅጡ አያውቅም። ባለቤታቸው ለጎረቤት «ራውተር ይሠራል» ይሉ ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ዩንግፉ ደግሞ «ራውተር ይሰብራል» ይላሉ። ሁለተኛው ሳይሻል አይቀርም። ዕቃውን ከከፍታ ይጥሉታል፣ ገመዱን ይጎትቱታል፣ በሙቀት ሳጥን ውስጥ ዘግተው ያግሉታል፤ ከዚያ ሁሉ ተርፎ የደንቡን መጽሐፍ ካሟላ ይፈርማሉ። እሳቸው ካልፈረሙ የፈቃድ ቁጥሩ ከሥሩ አይለጠፍም፣ ዕቃውም ገበያ አይወጣም።

እዚህ ላይ ስለ አረንጓዴው ከረጢት መናገር ግድ ይላል። እንደሚታወቀው በየመሥሪያ ቤታችንና በየቤታችን ከማሽን አጠገብ የበቆሎ መክሰስ እናስቀምጣለን፤ ማሽኑ ሳይበላሽ ጨዋ እንዲሆንልን። ከረጢቱ አረንጓዴ መሆን አለበት፤ ቢጫው አያገለግልም፣ ቀዩ ጭራሽ አይታሰብም፣ ቀኑ ያለፈበትም ማሽኑን ያስቆጣል። አቶ ፔንግ ከደንብ መጽሐፍ ውጭ በምንም አላምንም የሚሉ ሰው ቢሆኑም ከረጢቱን በየወሩ በገዛ እጃቸው ይገዙ ነበር። ያምኑበት እንደሆነ ተጠይቀው «ምን ይጎዳል?» ብለዋል።

በ2006 ሥራቸውን ለቀቁ። በምን ምክንያት እንደለቀቁ ለአሥራ ሰባት ዓመት በዚህ ቤት አልታወቀም። ለባለቤታቸው «ደከመኝ» አሉ። አቶ ዩንግፉ በሥራ ሰዓት መክሰስ ሲበላ ተይዞ ነው የሚል ወሬ ከገበያ ይዘው መጡ። ዪቼን ያኔ ተማሪ ነበረች፤ ለጓደኞቿ አባቴ ጡረታ ወጣ አለች፤ በውስጧ ግን አፍራባቸው ነበር። ዛሬ በእናንተ ፊት ይህን ትናገራለች።

ከዚያ በኋላ የአባታቸውን ሰፌዶች አውርደው ካኪ ሲያደርቁ ኖሩ። ጎረቤት ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ራውተሩን ፈልገው፣ በላዩ የተነጠፈውን የዳንቴል ጨርቅና የተደረደረውን ፎቶግራፍ ያወርዱ ነበር። የሠፈሩ ሴቶች ገና ከደጅ ሲያዩአቸው «ፔንግ መጣ፣ ጨርቁን አንሺ» ይባባሉ እንደነበር ለቀስተኞቹ ራሳቸው ምስክር ናቸው።

በመጨረሻም በልብ ድካም ታመው በሆስፒታል ሲረዱ ቆዩ። አፋቸው ላይ ኦክስጅን ስለነበረ መናገር አልቻሉም። ነርሷ እንደ ልማዱ አረንጓዴ ከረጢት ከልብ መከታተያው ማሽን ላይ አስቀምጣለች። እሳቸው እጃቸውን ወደዚያ እየጠቆሙ ቀን ሙሉ ይወራጩ ነበር። ዪቼን ውኃ ሰጠቻቸው፣ መጋረጃ ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች፣ ወንድሟን ጠራች፤ አልገባትም። ማታ ላይ ነርሷ ማሽኑን ስትወለውል ከረጢቱን አንስታ ከጎን አኖረችው። እጃቸው አረፈ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 19 ቀን 2023፣ ነፋሱ በጀመረ በሳምንቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እስከ ትናንት ወዲያ ድረስ የ2006ቱ ቦታ ባዶ ነበር። ትናንት ወዲያ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው አቶ ጁ ወንሻን ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ ዕጣን ለኩሰው ከሰገዱ በኋላ፣ ከብብታቸው አንድ የፍተሻ ደብተር አወጡ። ዪቼን በአባቷ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሮ ያነበበችው ይህ ነው፦ «ጠረጴዛው ሞልቶ ስለነበረ ከረጢቱን የምፈትሸው ራውተር ላይ አስቀምጬ ሳጥኑን ዘጋሁ። የአየር መውጫው ተሸፈነ። ክዳኑ ቀለጠ። ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ጁ የቀረውን ነገሩን። አለቃቸው መጥቶ «ፔንግ፣ ከረጢቱን አንሳና ድገመዋ። ያጠፋኸው አንተ፤ ዕቃው ምን በደለ?» አላቸው። ደገሙት። ያለ ከረጢት ዕቃው አለፈ። ወረቀቱ ቀረበላቸው፤ አቶ ፔንግ ብዕሩን አስቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ቀዳዳ አትሸፍኑ እያልኩ የኖርኩት እኔ ከሸፈንኩት፣ የማያውቀው ሰው ምን ሊያደርግ ነው?» አሉ። «ዕቃው የሚገባው ሰው ቤት ነው። ሰው ቤት ደግሞ ከረጢቱ አለ።»

አለቃው ደንቡ ውስጥ መክሰስ የሚል ቃል እንዲያሳዩት ጠየቃቸው። አቶ ፔንግ ከቀትር እስከ ሥራ መውጫ መጽሐፉን ገጽ በገጽ አገላበጡ። ከዚያ ተነሥተው «የለም» አሉ፤ ሳይፈርሙም ወጡ። በማግሥቱ አልተመለሱም።

ዪቼን ይህን ለምን ለቤተሰባቸው እንዳልተናገሩ ጠየቀች። አቶ ጁ «ምን ብሎ ይንገራችሁ ልጄ? በበቆሎ መክሰስ ሥራ ለቀቅኩ ይበል?» አሏት።

ያ ራውተር በሌላ ሰው ፊርማ ይውጣ ወይም ይቅር አቶ ጁ አያስታውሱም። የሚያስታውሱት በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሞዴል ጀርባው ተዳፋት ሆኖ መሠራቱን ነው፤ ምንም ነገር አያስቀምጥም። ስለ አቶ ፔንግ ተብሎ ይሁን ለውበት፣ የነገራቸው የለም። ዪቼን ያን ምሽት ሳሎን ገብታ የቤታቸውን ራውተር ገለበጠችው። ከሥሩ የዚያው ድርጅት ስምና ቁጥር አለ። አረንጓዴ ከረጢት ብታስቀምጥበት ተንሸራቶ ወደቀ። ደግማ አስቀመጠች፤ ደግሞ ወደቀ። አባቷ መርጠው ይግዙት፣ ርካሽ ሆኖ ያግኙት፣ አሁን የምትጠይቀው ሰው የላትም። ስላፈረችባቸው ይቅርታ የምትጠይቀውም እንደዚሁ። ለዚህም ነው በባዶው ቦታ «በ2006 መፈረም የማይገባቸውን ወረቀት ባለመፈረም ሥራቸውን ለቀቁ» ብላ የጻፈችው። ልክ መሆኗን አታውቅም፤ ግን አትሰርዘውም።

አቶ ፔንግ ዩንግሊ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። በወዲያኛው ዓለም እንዲኖሩበት በምናቃጥልላቸው የወረቀት ቤት ውስጥ የወረቀት ራውተር አለ፤ ገልብጠው እንደሚያዩት ስለምናውቅ የልጅ ልጃቸው ከሥሩ ቁጥር ጽፋበታለች። ነፍሳቸው ነፋስ በሚደርስበት ሥፍራ ትረፍ።

አረንጓዴ ከረጢት ይዛችሁ የመጣችሁ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናችኋል። እባካችሁ ከሣጥናቸው ጎን አስቀምጡላቸው፤ ከላይ አታድርጉባቸው።